የእንግሊዝኛ ቅድመ ሁኔታን በርቀት ትምህርት ማሟላት፦ ለሕክምና ትምህርት ቤት አመልካቾች ዝርዝር መመሪያ

አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቾች ከሳይንሱ ሌላ በኮሌጅ ደረጃ እንግሊዝኛ እንዲወስዱ በቅድመ ሁኔታ ይጠይቃሉ። ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም ጨርሰው በሁለት የእንግሊዝኛ ኮርስ ምክንያት አንድ ዓመት የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። እንግሊዝኛ አቅቷቸው አይደለም። አንዱ የወሰደው ኮርስ አይያዝልህም ተባለ። ሌላዋ ኮርሱን በጊዜው አልጨረሰችም። ሦስተኛው በጥሩ ውጤት ጨረሰ፣ ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ስም ከማመልከቻው ጋር አልገጠመም። ሦስቱም ሥራውን በተራ በመሥራት የሚቀሩ ችግሮች ናቸው።

ይህ መመሪያ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ላሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለምታመለክቱ ነው። ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሂዱባቸው። በተለይ ደረጃ 2ን ሳትጨርሱ ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ቦታ ሰብስቡ።

- ከሃይስኩል በኋላ የተማራችሁባቸው ተቋማት ሁሉ ትራንስክሪፕት። ለአሁኑ ይፋ ያልሆነው ቅጂ ይበቃል። አንድ ኮርስ ብቻ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁበት ኮሌጅም ይቆጠራል።
- የምታመለክቱባቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር። ገና ካልወሰናችሁ እንኳ ስምንት ወይም አሥር ጻፉ።
- ፓስፖርታችሁ ወይም መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስማችሁ፣ ፊደል በፊደል።
- ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚውል ፎልደር። ኢሜይል፣ ደረሰኝ፣ ሲለበስ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ)፣ ሁሉም እዚያ ይገባል።

ትራንስክሪፕቱን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ቅድመ ሁኔታውን ሳያውቀው አሟልቷል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በሌላ ዲፓርትመንት የተሰጠ፣ ብዙ ጽሑፍ የሚያስጽፍ ኮርስ በእንግሊዝኛ ምትክ ይቀበላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ያላችሁን ቁጠሩ። የጎደለው ሦስት ክሬዲት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ኢትዮጵያ የሠራችሁ ከሆነ ይህን እወቁ። ፍሬሽማን ላይ የወሰዳችሁት እንግሊዝኛ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይያዝም። ለብዙዎቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያገለግለው አምካስ የተባለው የጋራ ማመልከቻ ከሌላ አገር የመጣ ትራንስክሪፕትን አያረጋግጥም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም ቅድመ ሁኔታው አሜሪካ ወይም ካናዳ ባለ ዕውቅና ያለው ተቋም እንዲወሰድ ይፈልጋሉ።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን ጻፉ

አንድ ወጥ ሕግ የለም። አንዳንዱ እንግሊዝኛ ጭራሽ አይጠይቅም። አንዳንዱ "ይመከራል" ይላል። አንዳንዱ ግን ያለ እሱ ፋይላችሁን አያይም። የቴክሳስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለምሳሌ በጋራ ማመልከቻቸው በኩል 6 ሴሚስተር ክሬዲት እንግሊዝኛ ሲጠይቁ ኖረዋል። ካናዳ ውስጥ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ 6 ክሬዲት ይታወቃል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጥያቄውን ሰፋ አድርጎ ከሰብዓዊ ትምህርቶች፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ወይም ከቋንቋ የአንድ ሙሉ ዓመት ኮርስ ሲፈልግ ቆይቷል።

ሠንጠረዥ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አምስት ነገር ሙሉ፦ ስንት ክሬዲት፣ ግዴታ ነው ወይስ ምክር፣ ሥነ ጽሑፍ ነው ወይስ የድርሰት አጻጻፍ ወይስ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ዝቅተኛው ውጤት ስንት ነው፣ እስከ መቼ መጠናቀቅ አለበት።

መረጃውን ከትምህርት ቤቱ የራሱ ገጽ ውሰዱ። ለአሜሪካ፣ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያወጣው ኤምሳር የተባለ የመስፈርቶች ማውጫ አለ፤ እሱም ጥሩ ነው። የጓደኛ ወሬ አትያዙ። መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ይለወጣል፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የገባ ሰው የሚነግራችሁ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ነው።

*ችግር ከገጠማችሁ፦* ገጹ "እንግሊዝኛ፣ አንድ ዓመት" ብቻ ብሎ ካለፈ አትገምቱ። የጥያቄ ምልክት አድርጉበትና ወደ ደረጃ 2 ውሰዱት።

ደረጃ 2፦ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱን አስቀምጡ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። ምክንያቱም ያሳፍራል። "ይህን እንኳ አያውቅም ብለው ቢንቁኝስ?" የሚል ሐሳብ ይመጣል። የቅበላ ቢሮ ሠራተኞች ግን ሥራቸው ይኸው ነው፣ በየቀኑ ይጠየቃሉ።

አንዲት የማውቃት ልጅ በስልክ ጠይቃ "ኦንላይን ችግር የለውም" ተባለች። ኮርሱን ወስዳ ጨረሰች። በኋላ "ኦንላይን እንቀበላለን፣ ይኼ ግን በራስ ፍጥነት የሚሄድ የተልእኮ ኮርስ ነው" የሚል መልስ መጣ። በስልክ ያናገራትን ሰው ስም አልያዘችም። የምታሳየው አንድም ወረቀት አልነበራትም።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። እነዚህን ጥያቄዎች በቁጥር ለዩአቸው፦

1. የኮርሱን ትክክለኛ ስም፣ ኮድና ተቋም ጽፋችሁ ቅድመ ሁኔታውን ያሟላ እንደሆነ ጠይቁ። "የርቀት ትምህርት ትቀበላላችሁ ወይ?" ብላችሁ በደፈናው አትጠይቁ። በደፈና ለተጠየቀ መልሱም በደፈና ነው።
2. በቀጥታ ክፍል የሚሰጥ ኦንላይንና በራስ ፍጥነት የሚሄድ ኦንላይን በእነሱ ዘንድ ልዩነት አላቸው ወይ?
3. ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) የተወሰደ ይያዛል ወይ?
4. ኮርሱ ስታመለክቱ ማለቅ አለበት ወይስ የሕክምና ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያልቅ ይበቃል?

የኮርሱን መግለጫ አያይዙ። መልሱ ሲመጣ ቀኑና የላኪው ስም እንዲታይ አድርጋችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ።

*መልስ ካልመጣ፦* አሥር የሥራ ቀን ጠብቁና ያንኑ ኢሜይል መልሳችሁ ላኩ። አሁንም ዝም ካሉ ደውሉ። ከደወላችሁ በኋላ ግን "ዛሬ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል፣ በትክክል ተረድቻለሁ?" የሚል አጭር ኢሜይል ጻፉ። ስልኩ ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው እንደዚያ ነው።

*መልሱ "እንደ ሁኔታው እናያለን" ከሆነ፦* እንደ እምቢታ ቁጠሩት። ሌላ ኮርስ አቅርባችሁ እንደገና ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ክሬዲቱን አስሉ

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው ሴሚስተርና ኳርተር ነው። አንዳንድ ኮሌጅ ዓመቱን በሴሚስተር ይከፍላል፣ አንዳንዱ ደግሞ አጠር ባለው በኳርተር። አንድ የኳርተር ክሬዲት የሴሚስተር ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ነው። 6 የሴሚስተር ክሬዲት ማለት 9 የኳርተር ክሬዲት ነው። ባለ 4 ክሬዲት ሁለት የኳርተር ኮርስ ብትወስዱ 8 ይሆናል፤ ወደ ሴሚስተር ሲለወጥ 5.33። ሁለት ኮርስ ወስዳችሁም ጎደላችሁ ማለት ነው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ "ሙሉ ኮርስ" አብዛኛውን ጊዜ 6 ክሬዲት፣ "ግማሽ ኮርስ" 3 ክሬዲት ነው። ገጹ "አንድ ኮርስ" ሲል የትኛውን እንደሆነ አረጋግጡ።

ሁለተኛው የኮርሱ ዓይነት ነው። እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምሩ ኮርሶችና ለኮሌጅ የሚያዘጋጁ የማጠናከሪያ ኮርሶች አይቆጠሩም። የቴክሳሱ ማመልከቻ ይህን በግልጽ ጽፎታል፣ ሌሎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ወደ አሜሪካ እንደመጣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምደባ ፈተና ተፈትኖ ሁለትና ሦስት ሴሚስተር እንግሊዝኛ ይማራል። ትራንስክሪፕቱ ላይ "እንግሊዝኛ" የሚል ቃል ያያል። ግን ኮርሱ የዲግሪ ክሬዲት የለውም። የእናንተም ኮርስ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያዝ መሆኑን ከኮሌጁ ካታሎግ ላይ አረጋግጡ።

ሌላ አንድ ነገር። "አለፈ/ወደቀ" በሚል ውጤት ብቻ የሚሰጥ ኮርስ አትውሰዱ። ፊደል ያለው ውጤት ይሁን። ብዙ ቦታ ዝቅተኛው ሲ ነው፤ ሲ ማይነስ የማይቀበሉ ስላሉ እሱን እንደ ማለፊያ አትቁጠሩት።

ደረጃ 4፦ ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

በራስ ፍጥነት የሚሄድ ኮርስ ትልቁ አደጋው የሚቀሰቅስ ሰው አለመኖሩ ነው። ስድስት ወር ሲባል ብዙ ይመስላል። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ለኤምካት (ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ማጥናት አለ። አራተኛው ወር ላይ ስትነቁ የጻፋችሁት አንድ ድርሰት ነው።

እንደሚከተለው አስሉ። አምካስ ማመልከቻ መቀበል የሚጀምረው በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ውጤቱ ያኔ ትራንስክሪፕት ላይ እንዲገኝ ከፈለጋችሁ፦

- ትራንስክሪፕት ለማስላክና ለመድረስ ሦስት ሳምንት ያዙ።
- የመጨረሻ ፈተና ታርሞ ውጤት እስኪመዘገብ አራት ሳምንት ያዙ።
- ስለዚህ ፈተናው በኤፕሪል መጀመሪያ ማለቅ አለበት።
- ስድስት ወር የሚፈጅ ኮርስ ከሆነ መጀመሪያው ኦክቶበር 1 ነው። ምዝገባውም ከዚያ በፊት።

ለአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ወደ 135 ሰዓት ሥራ አስቡ። በ16 ሳምንት ብትጨርሱት በሳምንት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዳችሁ አሥራ ሰባት። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው አሥራ ሰባት ሰዓት የለውም። የእኔ ምክር አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር ነው። ጊዜው ካልበቃ ግን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሁለት ወር አዘግይታችሁ ጀምሩ፤ ቢያንስ ሁለቱ ፈተናዎች አንድ ሳምንት ላይ አይወድቁባችሁም።

*ጊዜው ካለፈባችሁ፦* ትምህርት ቤቱ ኮርሱ ከቅበላ በኋላ ቢጠናቀቅ እንደሚቀበል በጽሑፍ ካላችሁ ኮርሱን "በመወሰድ ላይ ያለ" ብላችሁ ማመልከቻው ውስጥ አስገቡት። ይህ የተፈቀደ መንገድ ነው። ያልተመዘገባችሁበትን ግን አታስገቡ።

ደረጃ 5፦ ተቋም ምረጡና ተመዝገቡ

የምትመርጡት ተቋም ዕውቅናው የታወቀ ይሁን። ካናዳ ውስጥ የአልበርታው አታባስካ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ በርቀት የሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው።  በግል የሚወሰዱ ኮርሶቹ በየወሩ 1ኛ ቀን ይጀምራሉ፣ ባለ 3 ክሬዲቱ የስድስት ወር ጊዜ አለው። የሥነ ጽሑፍ መግቢያም የድርሰት አጻጻፍም ይሰጣል። ቶምፕሰን ሪቨርስ ዩኒቨርሲቲም ኦፕን ለርኒንግ በሚባለው ክፍሉ ተመሳሳይ ኮርሶች አሉት። አሜሪካ ውስጥ የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ በፈለጋችሁ ጊዜ የሚጀመሩ፣ ከ3 እስከ 9 ወር የሚጠናቀቁ ኮርሶች ይሰጣል። በአቅራቢያችሁ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኦንላይን ክፍልም አለ፤ ብዙውን ጊዜ በዋጋ የሚሻለው እሱ ነው።

በራሳችሁ ተነስታችሁ መሥራት የሚከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ የሳምንት ዴድላይን ያለውን ኦንላይን ክፍል ምረጡ። ነፃነት ያለው ኮርስ ለሁሉም አይሆንም።

ስትመዘገቡ፦

1. ስማችሁን ልክ እንደ ፓስፖርታችሁ ጻፉ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም በመጨረሻ ስምነት ከገባ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። የፊደል አጻጻፍ ልዩነትም እንዲሁ ነው።
2. ቀድሞ በሌላ አጻጻፍ የተመዘገባችሁበት ቦታ ካለ ማመልከቻው ላይ "ሌሎች ስሞች" የሚለውን ቦታ ሙሉ። አምካስ ይህ ቦታ አለው።
3. አሁን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ከሬጅስትራራችሁ የፈቃድ ደብዳቤ ቀድማችሁ ያዙ። ያለዚያ ክሬዲቱ ወደ ዲግሪያችሁ ላይዛወር ይችላል።
4. አሜሪካ ውስጥ በኤፍ 1 ቪዛ የምትማሩ ከሆነ በአንድ ሴሚስተር ለሙሉ ጊዜ ትምህርት የሚቆጠርላችሁ አንድ ኦንላይን ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮውን አማክሩ።
5. ትራንስክሪፕት ላይ ምልክት ሳይቀር ኮርሱን መሰረዝ የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ።

*የተሳሳተ ኮርስ እንደወሰዳችሁ ከገባችሁ፦* እዚያው ሳምንት ሰርዙ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ብታቋርጡ ትራንስክሪፕቱ ላይ ምልክቱ ይቀራል። አንድ የማቋረጥ ምልክት ያን ያህል አያስፈራም። ኮርሱን ትታችሁ መጥፋት ግን ኤፍ ያስመጣል፣ ኤፉም ከናንተ ጋር ይኖራል። አምካስ ኮርሱን ደግማችሁ ብታሻሽሉትም ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል።

ደረጃ 6፦ ድርሰቱን መጻፍ

ውጤቱ የሚወሰነው እዚህ ነው። በሳይንስ ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ቢ እና ሲ የሚያገኙበትም እዚህ ነው። እንግሊዝኛው ከሳይንስ ጂፒኤ ውጭ ቢሆንም አጠቃላይ ጂፒኤ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያውን ድርሰት በሁለት ሳምንት ውስጥ አስገቡ። ጥሩ ባይሆንም። ቱተሩ (ድርሰታችሁን የሚያርመው መምህር) ምን እንደሚፈልግ የምታውቁት ከእርማቱ ነው። አምስቱን ድርሰት ጽፎ በመጨረሻ አንድ ላይ የሚልክ ሰው አንዱን ስህተት አምስት ጊዜ ይደግማል።

ታሪኩን አትተርኩ። ቱተሩ ታሪኩን አንብቦታል። የሚፈልገው ሊከራከሩበት የሚቻል ሐሳብ ነው። "ይህ ታሪክ ስለ ድህነት ነው" የሚለው ማንም የማይቃወመው ነው፣ ስለዚህ አይሆንም። "ተራኪው ስለ ቤቱ ሁሉን እየነገረን ስለሚበላው ግን አንድም ቃል አለማንሳቱ፣ ድህነቱን ከኛ ብቻ ሳይሆን ከራሱም እንደሚደብቅ ያሳያል" የሚለው ግን ይሆናል። አንድ ሰው "አይ፣ እንደዚያ አይደለም" ሊል ይችላልና። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከጽሑፉ ላይ ቃል እየጠቀሱ ማስረዳት ነው።

ወርቁን መጀመሪያ ላይ አውጡት። ሰምና ወርቅ ሰምቶ ላደገ ሰው ውስጠ ወይራ ቃል መፈለግ አይከብደውም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። እኛ ነገሩን ዞር ዞር አድርገን መጨረሻ ላይ ማሳረፍ እንወዳለን። የእንግሊዝኛ ኮሌጅ ድርሰት ግን ዋናውን ሐሳብ በመጀመሪያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ በግልጽ ማየት ይፈልጋል። አራተኛው አንቀጽ ላይ ያገኛችሁትን ምርጥ ዐረፍተ ነገር ቆርጣችሁ ወደ ላይ አምጡት። ብዙ ጊዜ ድርሰቱ በዚህ ብቻ ይስተካከላል።

ለቋንቋው ዝርዝር አውጡ። ከአማርኛ የመጣን ሰዎች የምንሳሳተው በጥቂት ቦታ ነው፦ ከስም በፊት የሚገቡት ትንንሽ ቃላት፣ መስተዋድድ፣ የግሥ ጊዜ። ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲጻፍ ታሪኩ ውስጥ የሚሆነው ነገር በአሁን ጊዜ ግሥ እንደሚጻፍ ያዙ። ቱተሩ ያረመላችሁን ስህተት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ቀጣዩን ድርሰት ከመላካችሁ በፊት አንድ በአንድ ፈልጉ። ድምፅ አውጥታችሁም አንብቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ የሌላ ሰው ዐረፍተ ነገር ምንጩን ሳትጠቅሱ አታስገቡ። ድርሰቱን በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አታስጽፉ። ኮርሱ የትኛውን መሣሪያ እንደሚፈቅድ ሲለበሱ ላይ አንብቡ፣ ካልተጻፈ ቱተሩን ጠይቁ። የማጭበርበር ውሳኔ አንድ ኮርስ በማበላሸት አያበቃም። አምካስ ከተማራችሁበት ተቋም የተወሰደባችሁ የዲሲፕሊን እርምጃ እንዳለ በቀጥታ ይጠይቃል። ያንን ጥያቄ "አለ" ብሎ መመለስ ከአንድ ሲ በብዙ ይከብዳል። የረቂቆቻችሁን ቅጂ በየቀኑ አስቀምጡ፤ ያለ ጥፋታችሁ ብትጠረጠሩ ሥራው የናንተ መሆኑን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

*ውጤቱ ዝቅ ካለ፦* ቱተሩን "ለምን ቀነሱብኝ?" አትበሉት። "ይህን ድርሰት እንደገና ብጽፈው መጀመሪያ ምን ልለውጥ?" በሉት። መልሱ የሚጠቅማችሁ ያኔ ነው።

ደረጃ 7፦ የመጨረሻ ፈተና

አብዛኛው የርቀት ኮርስ በተቆጣጣሪ ፊት ወይም በካሜራ የሚሰጥ ፈተና አለው። ቀጠሮውን ከአንድ ወር በፊት ያዙ። በካሜራ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ኮምፒውተሩን፣ ማይክራፎኑንና ኢንተርኔቱን ሞክሩ። መታወቂያችሁ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እዩ። ለቤተሰብ ንገሩ፣ በሩን ዝጉ። ሰው ገብቶ ቢያናግራችሁ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል።

በእጅ የሚጻፍ ወይም ሰዓት የተገደበ ድርሰት ከሆነ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በሰዓት ተለማመዱ። ኮርሱ ውስጥ ጥሩ ጽፎ ፈተና ላይ የሚወድቅ ሰው ብዙውን ጊዜ በሰዓት ጽፎ የማያውቅ ነው። አንዳንድ ኮርስ ላይ ደግሞ የቀደመው ውጤት ጥሩ ቢሆንም ፈተናውን ካላለፉ ኮርሱ አይያዝም። ሲለበሱን እዩ።

*ኢንተርኔት ከተቋረጠ፦* ወዲያው ተመልሳችሁ ግቡ፣ የሆነውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ በዚያው ሰዓት ውስጥ ለተቋሙ ኢሜይል ጻፉ። በማግስቱ የተጻፈ ምክንያት እንደ ማመካኛ ይታያል።

ደረጃ 8፦ ትራንስክሪፕቱን ማድረስ

ውጤቱ ስለወጣ አልቋል ማለት አይደለም። በርቀት የተማራችሁበት ተቋም ትራንስክሪፕቱን ራሱ አይልክም፣ እናንተ ጠይቁ።

1. ውጤቱ መመዝገቡን መጀመሪያ ይፋ ባልሆነው ቅጂ ላይ እዩ። ሳይመዘገብ ካስላካችሁ ባዶ ወረቀት ነው የሚሄደው።
2. ይፋዊው ትራንስክሪፕት ከተቋሙ በቀጥታ ወደ ማመልከቻው ድርጅት ይሂድ። የአሜሪካው አምካስ የራሱ የትራንስክሪፕት ቅጽ አለው፤ አብሮ ካልሄደ ከፋይላችሁ ጋር ማገናኘት ያዘገያል። ለካናዳዋ ኦንታሪዮ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻው ኦምሳስ ነው።
3. ክሬዲቱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲያችሁ ተዛውሮ እዚያ ቢታይም ኮርሱን የወሰዳችሁበት ተቋም ትራንስክሪፕት ለብቻው ይፈለጋል።
4. ማመልከቻው ላይ የኮርሱን ስም፣ ኮድ፣ ክሬዲትና ውጤት ከትራንስክሪፕቱ ላይ እያያችሁ ጻፉ። ከትዝታ አትጻፉ።
5. ከሁለት ሳምንት በኋላ ገብታችሁ "ደርሷል" የሚለውን እዩ። ካልደረሰ ደረሰኙን ይዛችሁ መጀመሪያ ላኪውን ጠይቁ።

አምካስ ማመልከቻዎች ሲበዙ ማረጋገጡ እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድበት ይችላል። ትራንስክሪፕት ሳይደርስ ደግሞ ወረፋ ውስጥ አያስገባችሁም።

*ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ ሰዓት "ይህ ኮርስ አይያዝም" ካለ፦* በደረጃ 2 ያስቀመጣችሁትን ኢሜይል፣ የኮርሱን ሲለበስና ሁለት የታረሙ ድርሰቶች አያይዛችሁ በትሕትና እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። ሲለበሱን ኮርሱ ካለቀ በኋላ ከድረ ገጽ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ በተመዘገባችሁበት ቀን አውርዳችሁ ፎልደሩ ውስጥ አስገቡት።